የአንባቢያን ጥያቄ፦ ያሸነፈው ሉዊስ፣ የተወደደው ብሩኖ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። ሦስቱም ስለ ቦክስ ይጠይቃሉ። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ እንደምን ከረማችሁ አዘጋጆች? እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ስለ ድሮ ቦክሰኞች ክርክር ተነስቶ አልበርድ ብሏል። ሌኖክስ ሉዊስ ፍራንክ ብሩኖን አሸንፏል፤ ኢቫንደር ሆሊፊልድንም ማይክ ታይሰንንም ረትቷል። እንግሊዞች ግን አብልጠው የሚወዱት ብሩኖን ነው ይባላል። እውነት ነው? ከሆነ ሉዊስ ምን አጠፋ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሉዊስ ግን ያጠፋው ነገር የለም። ክርክሩን «ሕዝቡ ዓይኑ እያየ ያደገው የትኛው ነው?» ከሚለው ብትጀምሩት ይሻላል።

ብሩኖ የለንደን ልጅ ነው። ወደ ፕሮፌሽናል የገባው በ1982 ሲሆን ግጥሚያዎቹ ለዓመታት በቢቢሲ ያለ ክፍያ ይታዩ ነበር። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ከኮሜንታተሩ ከሃሪ ካርፔንተር ጋር እየሳቀ ስለሚያወራ ቦክስ የማይወዱ እናቶች ሳይቀሩ ያውቁታል። በ1986 ዌምብሌይ ላይ በቲም ዊዘርስፑን በ11ኛው ዙር ተሸነፈ። በ1989 ላስ ቬጋስ ላይ ታይሰንን በመጀመሪያው ዙር በግራ ሁክ (ክንድ አጠፍ ተደርጎ ከጎን በሚሰነዘር ቡጢ) አንገዳገደው፤ በ5ኛው ግን እሱ ራሱ ተረታ። በ1993 ካርዲፍ ላይ ሉዊስ በ7ኛው ዙር አስቆመው። ሦስት ጊዜ ለዓለም ቀበቶ ቀርቦ ሦስቴም ባዶ እጁን ተመለሰ።

አራተኛው ዕድል በ1995 ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ መጣ። ብሩኖ 33 ዓመቱ ነው፤ ተጋጣሚው ከዓመት በፊት ሉዊስን በ2ኛው ዙር የዘረረው ኦሊቨር ማኮል ነው። የዚያን ግጥሚያ 12ኛ ዙር ፈልጋችሁ እዩት። ብሩኖ በነጥብ እየመራ ነው፤ ጉልበቱ ግን ተሟጧል። ማኮል እየገፋ ሲመጣበት ክንዱን ጠፍሮ ይይዛል፣ ዳኛው ያላቅቃቸዋል፣ ብሩኖ ተመልሶ ይጠመጠምበታል። እንደ ቦክስ ካያችሁት የሚያምር ነገር የለውም። ከአስር ዓመት በላይ የተከተለው ሕዝብ ግን እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች አብሮት ታግሏል። ብሩኖም በነጥብ አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። በ2003 ብሩኖ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሲገባ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ በሚያፌዝ ርዕስ አወጣው። የአንባቢው ቁጣ እጅግ ስለበረታ በዚያው ቀን በወጡት በኋለኞቹ እትሞች ርዕሱ ተቀየረ።

ሉዊስም ለንደን ነው የተወለደው፤ ነገር ግን በ12 ዓመቱ ካናዳ ሄደ። በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ወርቁን ያገኘው ለካናዳ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ እንግሊዝ መጥቶ ፕሮፌሽናል ሲሆን አነጋገሩ የውጭ ሰው ይመስል ነበር። ትልልቅ ምሽቶቹ፣ በ1999 ከሆሊፊልድ ጋር ኒውዮርክና ላስ ቬጋስ፣ በ2002 ከታይሰን ጋር ሜምፊስ፣ ሁሉም አሜሪካ ናቸው። ግጥሚያው የሚጀመረው እንግሊዝ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ለማየት ደግሞ ክፍያ አለው። እንቅልፉንም ገንዘቡንም ያልሰዋ ሰው ውጤቱን የሚሰማው ከዜና ነው።

አቋሙም ሌላው ምክንያት ነው። ቁመቱ 1.96 ሜትር፣ ክንዱ ረጅም፤ በግራ ጃብ (ቀጥ ብሎ ፈጥኖ በሚሰነዘር ቡጢ) ተጋጣሚውን አርቆ፣ ዙሩን በዳኞች ነጥብ 10 ለ9 ወስዶ ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል። በእኛ እምነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ካፈራቻቸው ከባድ ሚዛኖች እሱን የሚያህል የለም። ብልጫው ግን ያለው ተጋጣሚው ሰንዝሮ በሚስተው ቡጢ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች ደግሞ ያንን አያየውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቢቢሲን የዓመቱ ስፖርተኛ ሽልማት በሕዝብ ድምፅ በ1999 የወሰደው ሉዊስ ነው፤ ብሩኖ አንድም ጊዜ አልወሰደውም። ስለዚህ ሕዝቡ ሉዊስን አላከበረም የሚል ካለ ተሳስቷል።

«እንግሊዞች ተሸናፊ ይወዳሉ» የሚለውንም አንቀበልም። ተሸንፈው የተረሱት ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሄንሪ ኩፐርን ተመልከቱ። በ1963 ዌምብሌይ ላይ ካሲየስ ክሌይን፣ በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለውን፣ በ4ኛው ዙር ማብቂያ በግራ ሁክ ጣለው፤ ክብደቱ ከክሌይ ወደ 10 ኪሎ ያንስ ነበር። በ5ኛው ዙር ግን ቅንድቡ ተተርትሮ በደም ስለታጠበ ዳኛው አስቆመው። የኩፐር የቅንድብ አጥንት ጎላ ያለ ነው፤ ቆዳው በአጥንቱና በጓንቱ መሃል ተጨምቆ ቶሎ ይቀደዳል። ሕዝቡ ያየው ቡጢው ያልከዳውን፣ ቆዳው የከዳውን ሰው ነው። እሱም አላማረረም። በ1971 ጆ ባግነር በሩብ ነጥብ ሲያሸንፈው የሕዝቡ ቂም የተረፈው ለባግነር ነው፤ ያ ወጣት ከሃንጋሪ በስደት የመጣ ልጅ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከዓሊ ጋር ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ዙር ቢቆምም የኩፐርን ያህል ፍቅር አላገኘም። ይህ ለባግነር ፍርደ ገምድልነት ነው ብለን እናምናለን፤ ነጥቡን የሰጠው ዳኛው እንጂ እሱ አይደለም።

ሪኪ ሃተን ደግሞ አሸንፎም ተወዷል። በ2005 ማንቸስተር ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ኮስትያ ጹን አሸነፈ። በ2007 ከሜይዌዘር ጋር ሊገጥም ላስ ቬጋስ ሲሄድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተከተሉት፤ ብዙዎቹ የመግቢያ ትኬት እንኳ አልነበራቸውም። በ10ኛው ዙር ተዘረረ፤ ዘፈናቸውን ግን አላቆሙም። ሃተን ቀበቶ ከያዘም በኋላ ኑሮው እዚያው ማንቸስተር፣ ቲፎዞነቱም ለማንቸስተር ሲቲ ነበር። በ2025 ሲሞት ከተማው ሐዘን የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አካባቢ)፦ ሕዝብ አንዴ የጠላው ቦክሰኛ ተመልሶ ይወደዳል?

መልስ፦ ይወደዳል። ክሪስ ዩባንክ በኩራቱ ብዙ ሰው ዓይንህን ለአፈር ይለው ነበር፤ ሽንፈቱን ለማየት ብቻ ትኬት የሚገዛ ሞልቶ ነበር። በ1998 ከሚዛኑ ከፍ ብሎ ከካርል ቶምፕሰን ጋር ሁለት ጊዜ ገጠመ፣ ሁለቱንም ተሸነፈ፤ ፊቱ እስኪያብጥ ድረስ ግን ወደ ኋላ አላለም። ጭብጨባው የመጣው ያኔ ነው። ታይሰን ፉሪም በ2015 በተናገራቸው ንግግሮች ከሽልማት ዕጩነት ይሰረዝ ተብሎ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰብስቦበታል። በኋላ ስለ ድብርት ሕመሙ በግልጽ ተናገረ፣ ወደ 60 ኪሎ ቀነሰ፣ በ2018 ከአሜሪካዊው ቦክሰኛ ከዋይልደር ጋር በ12ኛው ዙር ወድቆ ተነሳ። የብዙ ሰው ልብ ተመለሰ፤ ንግግሩ ግን ያቆሰላቸው ሁሉ ይቅር ብለውታል ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ወጣቶች አሰለጥናለሁ። ጎበዙ ልጄ በቴክኒክ ይጫወታል፤ ደሴ ወስጄ ሳጋጥመው ተመልካቹ የሚጮኸው ዝም ብሎ ለሚደባደበው ነው። በሦስተኛው ዙር ደግሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከትንፋሹ እንጀምር፤ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ እየያዘ ስለሚያርፍ ተመልካች ቶሎ ይጠላዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ከተቻለ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ወደ ደሴ ይውሰዱት። ካልተቻለ የሐረጎ ዳገትን አቋርጦ በዋዜማው ወይም በዕለቱ ይግባ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መግባት ብዙ ጊዜ የሚያደክመውን ቀን ከውድድሩ ጋር ያገጣጥመዋል። የመጀመሪያውን ዙር ረገብ አድርጎ ይጀምር።

ቴክኒኩን አይንኩበት። በአማተር ውድድር ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ዳኞች ዙሩን ላሸነፈ 10 ይሰጣሉ። የሚቆጠረው በጓንቱ የፊት ክፍል፣ በጭንቅላት ፊትና ጎን ወይም ከቀበቶ በላይ በአካል ላይ ጥርት ብሎ ያረፈ ቡጢ ነው። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ጃብ አይታየውም፤ የጎን ሆድ ምት ግን ይታየዋል፣ ድምፁም ይሰማል። ስለዚህ ሁለት ጃብ አስቀድሞ ሦስተኛውን ወደ አካል ያውርድ፤ ከዚያ ወደ ገመዱ ሳይሸሽ ሪንጉ መሃል ይቁም። ሲያወርድ ቀኝ እጁ ከአገጩ እንዳይለይ ይከታተሉ፤ የሚዘረሩት በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። አዘጋጆቹን ጠይቀው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ውጤቱ በድምፅ ማጉያ እንዲነገር ያድርጉ፤ ተመልካች ምን እንደሚቆጠር ካወቀ ጭብጨባው ይቀየራል።

ቅንድቡ ላይ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡት። የሚሰነጥቀው ብዙ ጊዜ የጭንቅላት ግጭት ነውና ሲገባ አንገቱን ደፍቶ አይግባ። ቢቆረጥ ንጹሕ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ጫን አድርገው ይያዙ፤ ደሙ ወደ ዓይኑ እየገባ ከሆነ ግጥሚያው እንዲቆም ፎጣውን እርስዎ ይወርውሩ። ልጁ ተዘርሮ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን ስፓሪንግም (የልምምድ ግጥሚያም) አያድርግ፤ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ካለ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ያድርሱት።