ፈጣኑን ኢንዛይም ምን ያዘው?

ልጆች፣ ዕድሜዬን ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ስለካ ስለኖርኩ ነው መሰል፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «ከሁሉም ፈጣኑ የትኛው ነው?» መልሱን መማሪያ መጽሐፋችሁ ይነግራችኋል። ካታሌዝ በሰከንድ ሚሊዮኖች የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይሰባብራል፤ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝም በሰከንድ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጣል። ይህን ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ብትጠይቁ እወዳለሁ፦ ይህን ኢንዛይም ከዚህ በላይ እንዳይፈጥን የያዘው ምንድን ነው?

አንዳንዱን የሚይዘው መንገዱ ነው። ትራዮዝ ፎስፌት አይሶመሬዝ ሥራውን ስለሚያቀላጥፍ፣ የሚቀረው ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚለውጠው ሞለኪውል) በውሃው ውስጥ እየዋለለ እስኪደርስ መጠበቅ ብቻ ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ደግሞ በአዎንታዊ ቻርጁ አሉታዊውን ሱፐርኦክሳይድ ወደ ራሱ ይስባል። ብልጥ ነው።

ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ጉዳይ ነው። መሐሉ ላይ ሂስቲዲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች የያዙት ዚንክ አለ። ዚንኩ ላይ የተጠጋች ውሃ ፕሮቶኗን በቀላሉ ትለቃለች፤ የተራ ውሃ ፒኬኤ (ሲያንስ ፕሮቶን መልቀቅ እንደሚቀል የሚያሳይ ቁጥር) ወደ 16 ሲጠጋ የእሷ ወደ 7 ይወርዳል። የቀረው ሃይድሮክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ ይገባል፣ ባይካርቦኔት ይወጣል፣ አዲስ ውሃ ትተካለች። እስከዚህ ሁሉም ፈጣን ነው። አዲሷ ውሃ ግን ፕሮቶኗን የት ትጣል? ፒኬኤው 7 ከሆነ፣ ፕሮቶን በቀጥታ ወደ ዙሪያው ውሃ ሊሄድ የሚችለው በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያህል ነው። የተለካው ደግሞ 1 ሚሊዮን። ሒሳቡ አልገጥም አለ።

ነገሩን የፈታው ከዚንኩ ራቅ ብሎ የተቀመጠው 64ኛው አሚኖ አሲድ፣ ሌላ ሂስቲዲን ነው። ፕሮቶኑን በመካከል ባሉ ውሃዎች በኩል ተቀብሎ ለባፈሩ፣ ማለትም ፒኤች እንዳይዋዥቅ ውሃው ውስጥ ለተጨመረው ነገር፣ ያስረክባል። ይህ ሂስቲዲን በአላኒን ሲተካ ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ወረደ፤ የሂስቲዲንን ጎን የሚመስል ትንሽ ሞለኪውል፣ ኢሚዳዞል፣ ሲጨመርበት ደግሞ አብዛኛው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬም ሳነብ ያስደስተኛል።

ስለዚህ ላብራቶሪ ስትገቡ ደብተራችሁ ላይ ፒኤች ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፤ የባፈሩን ዓይነትና መጠንም ጻፉ። ይህን ኢንዛይም በቀጠነ ባፈር ከለካችሁት፣ ያገኛችሁት ቁጥር የባፈሩ እንጂ የኢንዛይሙ አይደለም።

ደግሞ በሰከንድ ስንት የሚለው ብቻውን አያታልላችሁ። ኦሮቲዲን ሞኖፎስፌት ዲካርቦክሲሌዝ በሰከንድ የሚጨርሰው ወደ 40 ሞለኪውል ነው፤ ቀርፋፋ ትሉታላችሁ። ተመራማሪዎቹ ራድዚካና ዎልፈንደን እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሰሉት ግን፣ ያለ እሱ ግማሹ እስኪለወጥ 78 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል።

ልኬት ስትጀምሩ የኢንዛይሙን መጠን እጥፍ አድርጉና ፍጥነቱም እጥፍ መሆኑን እዩ። ካልሆነ፣ ምናልባት የሚይዛችሁ መሣሪያው ወይም መቀላቀሉ ነው፤ እናንተ በእጃችሁ በጥብጣችሁ ሳትጨርሱ ሪአክሽኑ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ ኢንዛይሙን ቀንሱ፣ ሙቀቱን አውርዱ፣ ካልሆነም ስቶፕድ ፍሎው (በቅጽበት ቀላቅሎ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ላብራቶሪ ፈልጉ።