ሲቪውን ካነበባችሁ በኋላ ጸሐፊዋን ጠይቁ

ልጆቼ፣

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲያችን አዲስ ፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ አስተያየት ስጡ ተብላችሁ «የቱን እንደግፍ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ስም አልጠራላችሁም። ቦርዱ ዕጩዎቹን ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ ይሾማል፤ የመጨረሻው ቃል የእናንተ አይደለም። ቢሆንም እኔ አንዴ የሳትኩትን ልንገራችሁ።

ከሐዋሳ ራቅ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ዕጩ ዕቅዱን በፓወር ፖይንት ሲያቀርብ መብራት ድርግም አለ። ሰውየው ቅንጣት አልደነገጠም፤ ያለ ስላይድ ሃያ ደቂቃ አንቆረቆረው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ ነጥብ ሰጠሁት። ሰውየው ተሾመ፤ በሁለተኛው ዓመት የዚያ ግቢ የኬሚስትሪ መምህር አግኝቶኝ «የኬሚካል ግዢ ደብዳቤያችን ጠረጴዛው ላይ ስምንት ወር ተኛ» አለኝ። ተማሪዎቹ ቲትሬሽንን፣ በላብራቶሪ የሚሠራውን ሙከራ፣ በጥቁር ሰሌዳ ተምረው ተመረቁ።

ኋላ ደግሞ ሰውየው ዲን ሳለ ጸሐፊው የነበረች ሴት አጋጠመችኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ፊርማ ይፈራል» አለች፤ «ፋይል ይዤ ስገባ ስልክ ያነሣ ነበር።» ቀድመን ሻይ ብንጋብዛት ኖሮ ትነግረን ነበር።

እናንተም ወደ ዕጩው የቀድሞ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ጸሐፊዋን፣ ግዢ ክፍሉን፣ ንብረት ክፍሉን አነጋግሩ። ስብሰባ ላይ የተቃወመውን መምህር በቀጣዩ ሴሚስተር የማስተማር ሎድ (ጫና) ከመረበት ወይ? ይህን እወቁ። የምርምር ጽሑፉን ብዛት የማዕረግ ኮሚቴ ቆጥሮታል፣ እናንተ አትድከሙበት።

«የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰልችቶኛል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ጀርመናዊም ኮሪያዊም ፕሬዚዳንት አይቷል። የኛው ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ ተዋህደው ነው። ዲላ ኋላ ራሷን ቻለች፤ ወንዶ ገነት ግን አሁንም የኛ ነው፣ ከዋናው ግቢም ሩቅ ነው። ዕጩውን መጨረሻ የሄደበት መቼ እንደሆነ ጠይቁት። «ለችግኝ ተከላ» ካለ ሌላ ጥያቄ አታባክኑ።

ጡረተኛ ነጥብ አይሰጥም፤ ቢሆንም ዕጩዎቹ የሚያቀርቡ ቀን መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ። መብራት ቢጠፋም አላጨበጭብም።