ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአባቴ የተረፈችኝ የ1985 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ አዲሱ ገበያ ነው። ባለፈው ሳምንት የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት አረንጓዴ የነበረው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሻይ በወተት መስሎ ጠበቀኝ። ክዳኑ ላይም የሚያሟልጭ ነገር ተለጥፏል። የሰፈራችን መካኒክ አንዴ አይቶ «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ። የሞተር ዘይቱ ግን በመለኪያው ሳየው ንጹሕ ነው። እውነት ዘይት ገብቶበት ነው? እስኪጣራ ድረስስ ብነዳት ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቴስታታ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በታችኛው የሞተር አካል በብሎኩ መካከል ዘይቱንና ውሃውን ለያይቶ የሚይዘው ማሸጊያ ነው። መካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ ግን ሊያውቀው አይችልም። ቴስታታ እንዳይወርድ የምለምንህ በእጄ ያለፈ ነገር ስላለ ነው። ረዳት ሆኜ በምሠራበት ዘመን የአንድ አባት ዲኤክስ ውሃዋ ቡናማ ሆኖ መጣች። ጌታዬ ሳያጣራ «አውርደው» አለኝ፤ አወረድኩት። ጓርኒሲዮኑን ወደ ብርሃን ይዤ ሳገላብጠው፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ቀጭን ቦታ እንኳ አልተነካም። የነበረው ዝገት ነው። አባት የአዲስ ጓርኒሲዮንና የሁለት ቀን ሥራ ከፍለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ (በሙቀቱ ክዳን ከከፈትክ ፊትህን ያቃጥልሃል) ከራዲያተሩ ግማሽ ሊትር ያህል ቅዳና ንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው። ሲነካካ እንዳያድር መስኮት ላይ አስቀምጠው። ጠዋት ብርሃን ፊት ለፊት ያዘውና ተመልከት። እንደ ጠላ አተላ ከታች የተኛ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ካየህና ከላይ ያለው ውሃ ከጠራ ዝገት ነው። የዲኤክስ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ዓመታት ተራ ውሃ ብቻ ከተጨመረበት ይህ የሚጠበቅ ነው። ከላይ ቀለበት ሠርቶ የተንሳፈፈ ነገር ካለ ግን ዘይት ነው። ከእሱ ጥቂት በሶፍት ንካና አድርቀው፤ ውሃው ደርቆ ቅቤ የነካው ወረቀት የመሰለ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ከቀረ አትጠራጠር። በጣትህ መካከል ስታሸው ዝገት ይሻክራል፣ ዘይት ይሟልጫል። ሳይለይ እንደ ወተት ሻይ ሆኖ ያደረ ከሆነም ዘይቱ ከውሃው ጋር ተንጦ ነውና የሶፍቱን ፈተና አትዝለል።

ክዳኑ ላይ አገኘሁ ያልከው የሚያሟልጭ ነገር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያሰጋኛል። ሆኖም ከመፍረድህ በፊት አንድ ነገር አስታውስ፦ ውሃ የምትጨምርበት ጀሪካን ወይም ማንቆርቆሪያ ከዚህ በፊት ዘይት ይዞ ነበር? በየጋራዡ የማየው ስህተት ነው፤ ትንሽ ዘይት ብዙ ውሃ ያበላሻል። ፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት አስገብቶበት የነበረ ሰው ካለም ዱቄቱ ራሱ ቡናማ ጭቃ ይሠራል።

«ዘይቱ ንጹሕ ነው» ማለትህ ነፃ አያወጣትም። ሞተር ሲሠራ የዘይት ግፊት ከውሃው ግፊት ይበልጣል፤ ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ በዘይት መተላለፊያው በኩል ከተከፈተ ዘይት ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ ወደ ዘይት ለመግባት ይዘገያል። በተቃራኒው የዘይት መሙያ ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ብታይ አትደንግጥ። በሱሉልታ ጠዋት ብርድ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና እርጥበት ብቻ ያንን ይሠራል። ውሃ ወደ ዘይት መግባቱን የሚመሰክርልህ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው።

ሌላው ማረጋገጫ የጋዝ ነው። ቀዝቃዛ ሳለች ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላ፣ ክዳኑን ሳትዘጋ አስነሳ፣ ፊትህን አርቀህ ተመልከት። መጀመሪያ የሚወጣ ጥቂት አየር ችግር የለውም። ሳያቋርጥ እየፈላ የመሰለ አረፋ ከቀጠለ ግን የሲሊንደር ጋዝ እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። ጋዙ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ መመርመሪያ ፈሳሽ ያላቸው ጋራዦች አሉ፤ ካገኘህ አስፈትሽ።

ዝገት ከሆነ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን) አውጥተህ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ከፍተህ፣ ከራዲያተሩም ከብሎኩም አፍስስ። በንጹሕ ውሃ ሙላ፣ አሙቅ፣ አብርድ፣ ድፋ፤ እስኪጠራ ድረስ ደጋግም። ከዚያ ቴርሞስታቱን መልሰህ ኩላንትና ለባትሪ የሚጨመረውን ዲስትልድ ውሃ (አሲዱን አላልኩም) እኩል አድርግ። የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ራዲያተር ውስጥም ይጋግራል። ክዳኑንም ቀይር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በ82 ላይ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የደከመ ክዳን ያላት መኪና እንጦጦን ስትወጣ ትፈላለች።

ዘይት ወይም ጋዝ ከሆነ ያኔ ይውረድ፤ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ አስቀይረህ አትመለስ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚስተካከልበት) ሄዶ መጣመሙና መሰንጠቁ ይታይ። ዘይት የነካው ጎማ አብጦ ይለሰልሳልና የውሃውን የጎማ ቱቦዎችም ዳስሳቸው።

መንዳትህን በተመለከተ፦ ዝገት ብቻ መሆኑ በጠርሙሱ ከተረጋገጠና አረፋ ከሌለ፣ ሙቀቱን እያየህ እስክታጥባት ሥራህን ሥራ። ዘይት ወይም አረፋ ካየህ ግን ያን ዳገት እንዳትወጣ፤ አሉሚኒየሙ አንዴ ከተጣመመ ዛሬ በጓርኒሲዮን የሚያልቀው ነገ በቴስታታ ነው። የምትደፋውንም ኩላንት በጀሪካን ዝጋው እንጂ ቦይ ውስጥ አትልቀቀው። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ የሰፈርህ ውሻና ከብት ይጠጣዋል።