ባዮቴክኖሎጂን ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ባዮቴክኖሎጂ፣ ማለትም ሕያዋን ሴሎችን ተጠቅሞ መድኃኒትና ሌላ ምርት የማውጣት ሙያ፣ ለመማር ያሰባችሁ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው ተቋም ስመ ጥር እንደሆነ ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ ሌላ ነገር እንድታጣሩ እፈልጋለሁ፤ የምትገቡበት ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ በዚህ ሙያ ሰው ከሚቀጥሩ ድርጅቶች ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ይሠራል ወይ? ረጅም ዘመን በላቦራቶሪ ስሠራና ጀማሪዎችን ተቀብዬ ሳሠለጥን፣ ጎበዝ ሆነው ሳለ የሥራውን ደጅ ሳያዩ የተመረቁ ልጆች ምን ያህል እንደሚቸገሩ ተመልክቻለሁ።

የዚህ ሙያ እውቀት ግማሹ ያለው እጅ ላይ ነው። በጣም ጥቂት ፈሳሽ መጥኖ የሚቀዳውን የእጅ መሣሪያ፣ ማይክሮፒፔትን ውሰዱ። ከ2 እስከ 20 ማይክሮሊትር የሚለካው ዓይነት የሚያነሣው ፈሳሽ ከአንዲት የውኃ ጠብታ ያንሳል። አውራ ጣት ቁልፉን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ይጫናል፤ ጫፉ ፈሳሹ ውስጥ ከገባ በኋላ በዝግታ ይለቃል። የቸኮለ ሰው አየር ይስባል፤ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ የተጫነ ደግሞ ከልኩ በላይ ይቀዳል። ስህተቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ ውጤቱ ሲበላሽ ነው። ፒሲአር በሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ዲኤንኤ ስታባዙ ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ከዚያም ኢንዛይሙ፣ ማለትም ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ፕሮቲን፣ በሚሠራበት በ72 ዲግሪ ይቆያል፤ ይህ 30 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ዲኤንኤው በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከመነሻው ሾልካ የገባች ኢምንት ብክለትም አብራ ትባዛለች። ዲኤንኤ ያልተጨመረበት የማነጻጸሪያ ቱቦ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ እጅ የሚለምደው ግን በመደጋገም ነው። ለመደጋገም ደግሞ መሣሪያና ኬሚካል ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ወጪውን ብቻውን አይችለውም።

አሠሪው መሣሪያ ለግሶ ዞር ካለ ግን ብዙም አልረዳም። ኢንዛይም የሚገዛለት፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አጥቶ አቧራ የለበሰ መሣሪያ ሳይ አዝናለሁ። ከመሣሪያው የሚበልጠው የሥራው ሥርዓት ነው። መድኃኒት በሚመረትበት ቦታ ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ የቀድሞው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው ይፈርምበታል፣ ቀኑን ያኖርበታል። ያንን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ አለና። ይህን በኮሌጅ ደብተሩ ላይ የለመደ ተማሪ ሥራ ሲገባ ባዕድ አይሆንም። መምህራኑም በዕረፍት ጊዜያቸው ድርጅቱ ውስጥ ገብተው ቢሠሩ፣ ባለሙያዎቹም ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀረጽ ቢቀመጡ፣ ጥቅሙ ከአንድ ዙር ተማሪ ያልፋል።

ኢንዱስትሪው ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ መገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኸርበርት ቦየር የተባለ የዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስትና ሮበርት ስዋንሰን የተባለ፣ በአዳዲስ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ በማዋል ሥራ የቆየ ባለሙያ ተገናኝተው ጄኔንቴክ የተባለውን የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ መሠረቱ። በ1978 የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ማሠራት ተቻለ፤ በ1982 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። በትንሽ ቱቦ የተሳካውን በትልቅ ማብላያ ጋን ለመድገም፣ ፕሮቲኑን ለማጣራትና ጥራቱን ለመፈተሽ ብዙ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሁሉም ሰው ዶክትሬት አያሻውም፤ በደንብ የተሰጠ የሁለት ዓመት ሥልጠናም በር ይከፍታል።

ሽርክና የተባለ ሁሉ ግን ለእናንተ የቆመ አይምሰላችሁ። ወራቱን ብርጭቆ በማጠብ ብቻ የሚያስጨርስ፣ ወይም የአንድ ኩባንያን ማሽን ቁልፍ መጫን ብቻ አስተምሮ የሚሸኝ አለ። ኩባንያው ማሽኑን ሲቀይር እውቀታችሁ አብሮ ያረጃል። ስለዚህ ኬሚስትሪውን፣ ስታቲስቲክሱን፣ የሴሉን ባሕርይ ችላ አትበሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት የቀድሞ ተማሪዎችን ፈልጋችሁ በልምምዱ ወቅት ምን እንደሠሩ፣ ክፍያ እንደነበረው፣ ማን እንደተከታተላቸው ጠይቁ። ልምምድ ስትገቡም ትንሽም ብትሆን ከመነሻ እስከ መጨረሻ የእናንተ የሆነች ሥራ እንድትሰጣችሁ አለቃችሁን በትሕትና ለምኑ። መዝገቡ የድርጅቱ ምስጢር ሆኖ ይዛችሁት መውጣት ባትችሉ፣ የትኞቹን ዘዴዎች ራሳችሁ እንደሠራችሁ ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲመሰክርላችሁ ጠይቁት።