መልስ፦ ለአባቴ የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ይጠቅማል ወይ?

አብሽሪ እህቴ። ከሐይቅ የጻፍሽውን አነበብሁ፤ አባትሽ ዓመት ሙሉ «ጨጓራ ነው» ተብለው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሲውጡ ከርመው፣ ደሴ ላይ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ዕጢ ታየ፤ ሲቲ ስካኑም ጉበታቸው ላይ ምልክት አሳየ።

ከሁሉ በፊት ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ውጤት እጃችሁ ይግባ። ካንሰር መሆኑ በፓቶሎጂ (በናሙናው ምርመራ) ሳይረጋገጥ ኬሞቴራፒ አይጀመርም። ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን እንዲመረመርም ጠይቁ፤ በብዛት ከተገኘ ይህንኑ ፕሮቲን የሚያጠቃ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞው ጋር ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው ግን ወገብ ይቆርጣል፣ አልደብቅሽም።

ካንሰሩ ጉበት መድረሱ ከተረጋገጠ አራተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ ነው። ያን ጊዜ ጨጓራን ቆርጦ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አያድንም፤ ለእሱ ብላችሁ በሬ እንዳትሸጡ። የበሉት ሁሉ የሚመለስባቸው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጨጓራው መውጫ ተዘግቶ ይሆናልና ስቴንት (መውጫውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወይም ምግቡ የተዘጋውን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ማለፊያ ቀዶ ሕክምና ይረዳቸዋል። ኬሞው ዕድሜ ይጨምራል፣ ሕመም ያቀልላል፤ የሚወሰነው ግን በአቅማቸው ነው። ራሳቸው ተነሥተው ይንቀሳቀሳሉ? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አጎቴን ጥቁር አንበሳ ስናመላልስ የቆጨኝ ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ማዘግየታችን ነበር። በአፍ የሚወሰድ አለ፤ «ሱስ ይሆንባቸዋል» ብላችሁ አትከልክሏቸው።