መልስ፦ የተዳፋት ካርታ ብቻውን ይበቃል ወይ?

«ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነውን ተዳፋት ሁሉ ቀይ ብቀባ የኢትዮጵያ የናዳ ስጋት ካርታ ይሆናል?» ላሉት፦ አይሆንም። ቀጥ ያለው ገደል ብዙ ጊዜ ራቁት ዓለት ነው። ውሃ ሲጠግብ የሚንሸራተተው ግን ወፍራም አፈር የተሸከመው ተዳፋት ነው።

ዋናው ሥራ ያለፉትን ናዳዎች መመዝገብ ነው። በሳተላይት ምስል ሲያሰምሩ አፈሩ የተነሳበትን አናት ከተከመረበት ግርጌ ይለዩ፤ ግርጌውን ከቀላቀሉ ከተመዘገቡት ናዳዎች ተምሮ አደገኛውን ቦታ የሚገምተው የኮምፒውተር ሞዴል ሜዳውን አደገኛ ይለዋል። ከመንገድ ዳር ብቻ ከሰበሰቡም (ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው) ውጤቱ የመንገድ ካርታ ይሆናል።

የ30 ሜትሩን የከፍታ ዳታ (እያንዳንዱ ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሬት የሚወክልበትን) ተዳፋት ከማስላትዎ በፊት ርቀትን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይቀይሩ። በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ እንዳለ ቢያሰሉት አገሩ ሁሉ 90 ዲግሪ የተጠጋ ገደል ይሆንብዎታል። የዓለት ዓይነት፣ የመሬት አጠቃቀምና ከወንዝ ያለውን ርቀት በሞዴሉ ላይ ይጨምሩ፤ ከተመዘገቡት ናዳዎች 30 በመቶውን ሞዴሉን ለመፈተን ያስቀሩ።

ይህም ተጋላጭነትን (መሬቱ የት ሊንሸራተት እንደሚችል) እንጂ ስጋትን (በሰውና በንብረት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት) አያሳይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ነበሩ። ስለዚህ ዝናቡንና ከተዳፋቱ ሥር ያሉትን ቤቶች ሳይደርቡ «ስጋት» ብለው አይሰይሙት።