«ቤት አለው» የተባለው ጀልባ ሆኖ ተገኘ

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ጥር ለንደን ከሚሠራ ሰው ጋር ተጋባን። ሽማግሌ ሲልክ «ቤት አለው» ተብሎ ነበር። ጉዞዬ ሲቃረብ ግን «ቤት» የተባለው ካናል ላይ የቆመ ጀልባ መሆኑን ነገረኝ። እሱ «ደስ ይላል፣ ትወጂዋለሽ» ይላል። አባቴ «ልጄን ውሃ ላይ አላሳድርም» ብለው አኩርፈዋል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ ተደባልቋል፤ አንዱ ጀልባው፣ ሌላው ባልሽ ለሽማግሌ ሳይናገር ያለፈው ነገር። አባትሽን ያስጨነቃቸው ጀልባው ነውና ከእሱ ልጀምር።

አባትሽ ጀልባ ሲባሉ ማዕበል ሳይታያቸው አልቀረም። የእንግሊዝ ካናል ግን ድሮ ከሰልና ሸቀጥ ለማመላለስ የተቆፈረ፣ እምብዛም የማይፈስ የውሃ መንገድ ነው። በሰሜን ለንደን የሚያልፈው ሪጀንትስ ካናል ተጠናቆ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። የካናሎቹ ጥልቀት በአብዛኛው ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጀልባ ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ ባልሽ መውደቂያ አጥቶ የገባበት ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ የለንደን የቤት ኪራይ ያስመረረው ሰው አስቦበት የሚያደርገው ነገር ነው።

«ደስ ይላል» ማለቱም ውሸት አይደለም። ጠዋት መስኮት ስትከፍቺ ዳክዬው በክንድሽ ርቀት ይዋኛል፤ ምድጃው ከተያያዘ ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል፤ ሞተር እምቢ ሲልም ጎረቤት ጀልባተኛ ብቅ ይላል።

ያልነገረሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። የተለመደው ጠባብ ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውሃው ታንከር ውስጥ የተሞላ ስለሆነ ሲያልቅ ጀልባውን ነድቶ መሙያው ድረስ መሄድ ነው። የብዙዎቹ መጸዳጃ ተነቃይ ሣጥን አለው፤ ሲሞላ ተሸክሞ ወስዶ መድፋት ነው። መብራቱ ከባትሪ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ሶላር ወይም ሞተሩ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድሽን እዚያ እሰካለሁ ብለሽ አታስቢ። ቋሚ ማቆሚያ ከሌለው ደግሞ በሕጉ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ጎረቤት ለመድኩ ስትይ ትሄዳላችሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ስለ ብርድ አይመከርም፤ የመንዝ ባና ብትሸክፊ ግን አትጸጸቺም። ከሰል አስገብቶ የተኛ ሰው የሚገጥመውንም ታውቂያለሽ። ጀልባው ላይም አደጋው ያው ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ። የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩን ጠይቂ፤ ይሄ ድርድር የለውም።

በሙያዬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጥበቱ ነው። ባልና ሚስት መጋጨታቸው አይቀርም። አገርሽ ቢሆን ጓዳ ትገቢያለሽ፣ እናትሽ ዘንድ ብቅ ትያለሽ፣ ጎረቤት ቡና ትጠጪያለሽ። እዚያ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ግድግዳውን መታከክ አለበት፤ ኩርፊያ እንኳ ቦታ ይፈልጋል! እናንተ ደግሞ ገና አብራችሁ ኖራችሁ አታውቁም። ስለዚህ ከአሁኑ ጠይቂው፦ ስንኮራረፍ የት እሄዳለሁ? አንተ ሥራ ስትውል ቀኑን ከማን ጋር አሳልፋለሁ? ጀልባው ቦታ ሲቀይር ከሰንበት ቅዳሴ ምን ያህል እርቃለሁ?

አሁን ወደ ተደበቀው ነገር ልምጣ። ግምቴ አፍሯል የሚል ነው። ውጭ የሄደ ሰው «አልሞላልኝም» ብሎ ለአገር ቤት መናገር ይከብደዋል። ቢያፍርም ግን ይቅርታ ይገባሻል፤ «ትወጂዋለሽ» ይቅርታ አይደለም። በቪዲዮ ሲደውል ሶፋውን ሳይሆን ያን የመጸዳጃ ሣጥን ሲደፋና ከሰል ሲሸከም እንዲያሳይሽ ጠይቂው። እየሳቀም ቢሆን ካሳየሽ መልካም ነው። «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ብሎ ከተቆጣ ግን ለጊዜው ትኬት አትቁረጪ፤ ችግሩ ያኔ ጀልባው አይደለም።

የጉዞሽን ጊዜ መምረጥ ከቻልሽ በታኅሣሥ ወይም በጥር ሂጂ። በሐምሌ ያየው ሁሉ ይወደዋል። ካልተስማማሽ በስንት ወር ውስጥ ምድር ላይ ቤት እንደምትከራዩም ሳትሄጂ በፊት ተስማሙ፤ «ስንደርስ እናያለን» አትበሉ።

አባትሽን ለማሳመን አንቺ አትድከሚ። ቃሉ የተሰጠው በሽማግሌ ፊት ነው፤ የሚያስተካክለውም ባልሽ ራሱ ነው። ደውሎ «አባባ፣ ቤት ያልኩት ይህ ነው» ብሎ በስልኩ ያሳያቸው። ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጠገባቸው ቢቀመጡ ይሻላል፤ ለብቻቸው ከሆኑ ስልኩን ሊዘጉበት ይችላሉ።